ለክፉ ቀን የተቀመጠ ኪኒን

ቁጣ ይቀናኛል። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም። በጤና ጣቢያችን የኤች አይ ቪ መድኃኒት በሚሰጥበት ክፍል ደጃፍ ተቀምጬ፣ "ኪኒንህን ሳታቋርጥ ዋጥክ? ያጎደልከው ቀን አለ?" እያልኩ የምጠይቀው እኔ ነኝ፤ ቁጣዬ ሥራዬን ሲያግዘውም ሲያበላሸውም አይቻለሁ። የሥራ መደቤ በወረቀት ላይ ረጅም ስም አለው፤ ሰዉ ግን "የኪኒኗ ሴትዮ" ይለኛል። ያንኑ ኪኒን እኔም መዋጥ ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ይህንንም አልደብቅም። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" እያልኩ ለሌላው እየተረትኩ የራሴን ብሸሽግ ማን ይሰማኛል?

ለአዲስ ሰው የምነግረው ነገር አጭር ነው። ኪኒኑ ቫይረሱን አይገድለውም፤ ያስረዋል። በየቀኑ ስትውጥ ገመዱ ይጠብቃል፣ ስትዘል ይላላል። ገመዱ ጠብቆ ከቆየ ቫይረሱ በደም ምርመራ እስከማይታይ ድረስ ይመነምናል፤ ያኔ አንተም በጤና ትኖራለህ፣ በሽታው ወደ ትዳር ጓደኛህም አይተላለፍም። ሲስተር፣ የክፍላችን ነርስ ማለቴ ነው፣ ይህንኑ በሥዕል ታስረዳለች። እኔ በገመድ አስረዳለሁ። ብዙ ጊዜ ገመዱ ይቀላቸዋል።

ከማልቆጣቸው ጥቂት ሰዎች አንዱ ከደጋው፣ ከጓሳ ዳር በፈረስ የሚመጣ ገበሬ ነበር። ዕድሜው ወደ አርባ ይጠጋል፤ ገብስ ያርሳል፣ በግ ያረባል፣ ብዙ አያወራም። የስድስት ወር ኪኒን በአንድ ጊዜ ይሰጠዋል፤ ይህ የሚደረገው መድኃኒቱን በሥርዓት ለሚወስድ ሰው ነው። በቀጠሮው ዕለት ጠዋት ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ፈረሱን ከአጥሩ ያስራል፣ ባዶ ብልቃጦቹን በፌስታል ይዞ ይገባል፣ ካርዱን በሁለት እጁ ያቀርባል። ቀጠሮ የሚያሳልፉትን የከተማ ሰዎች የምዘልፈው በሱ ስም ነበር። "እሱን እዩት! ከዚያ ሁሉ ብርድ ወጥቶ አንድ ቀን አይቀርም፤ እናንተ መንገድ መሻገር አቅቷችኋል" እላቸዋለሁ።

ሚስቱ ቫይረሱ የለባትም። በትዳር ሰባት ዓመት ሲኖሩ ሁለቱም ልጅ እንደተመኙ ነበር፤ ግን እሱ ፈራ። "አንድ ልጅ ብዬ እሷን ልግደላት?" ይል ነበር። በመጨረሻ የደሙ ምርመራ "ቫይረሱ አይታይም" የሚል ውጤት ይዞ ሲመጣ፣ ሲስተር ሁለቱንም አስቀምጣ መውለድ እንደሚችሉ ነገረቻቸው። እሱ ሦስት ጊዜ ጠየቃት። በሦስተኛው ቆብ የመሰለች ኮፍያውን አውልቆ፣ "በእመብርሃን ይዤዎታለሁ፣ እውነት ነው?" አላት።

"እውነት ነው" አለችው። "አንተ ብቻ ኪኒንህን በየቀኑ ዋጥ።"

በዓመቱ በመስከረም ሆዷ ገፋ ብሎ አብራው መጣች። ኮሪደሩ ላይ እልል አልኩ። ሲስተር ከክፍሏ ወጥታ፣ "እትዬ፣ ጤና ጣቢያ ነው እንጂ ሠርግ ቤት አይደለም" አለችኝ፤ እሷ ራሷ ግን ጥርሷን መክደን አቅቷት ነበር። ነፍሰ ጡሯ ተመረመረች፤ ነፃ ናት። እሱም የዓመቱን ምርመራ ደም ሰጥቶ፣ የስድስት ወር ኪኒኑን ተቀብሎ፣ ሚስቱን ፈረስ ላይ አውጥቶ ሄደ።

ውጤቱ የመጣው ኅዳር ላይ ነው። ሲስተር ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ከዚያ ወደኔ ገፋችው። የቫይረሱ መጠን ከፍ ብሏል። ትንሽ አይደለም፣ በጣም። ሁለታችንም ያሰብነው ስለ አንድ ነገር ነው፤ ስድስተኛ ወሯን ስለያዘችው ሴትዮና በሆዷ ስላለው። ውለዱ ያልናቸው እኛ ነን። እሷ በኛ ቃል ተማምና ባሏ አጠገብ ትተኛለች፤ የባሏ ገመድ ግን ላልቷል። በእርግዝናዋ ላይ ቫይረሱ ከያዛት ልጁም አደጋ ላይ ነው።

ስልኩ ዝግ ነው። ቀጠሮው ደግሞ መጋቢት ነው፤ ስድስት ወር ሰጥተነዋላ! ለመልካምነቱ የሰጠነው ረጅም ቀጠሮ እኛኑ መልሶ አሰረን። ሲስተር፣ "እትዬ፣ አንቺ ካልሄድሽ ማን ይሄዳል?" አለችኝ። ሰው ቤት መሄድ ሥራዬ ነው፤ እሱም ገና መዝገብ ላይ ሲሰፍር፣ ቤቱ ብንመጣ እንደማይከፋው ፈቅዶ ነበር።

መንገድ ላይ ስድቤን አሰናዳሁ። ምክንያቱን አውቄዋለሁ ባይ ነበርኩ፦ ወይ ጸበል ገብቶ መድኃኒቱን ትቷል፣ ወይ አረቄ ለምዷል። ለሁለቱም የሚሆን ንግግር አለኝ፤ ለጸበሉ ለስለስ ያለ፣ ለአረቄው መረር ያለ። ከመኪናው ወርጄ በእግሬ ስሄድ ውርጩ ገና ከሳሩ ላይ አልለቀቀም ነበር፤ እኔም ሁለቱንም ንግግሮች ጮክ ብዬ እየተለማመድኩ አንድ በግ ጠባቂ አስደነገጥኩ።

ሰው ቤት ስንሄድ ከጤና ጣቢያ መጣሁ አንልም፤ ጎረቤት ነገር ይቆጥራል። ዝም ብሎ መግባትም አይቻልም፤ እንግዳ ሴት ከየት፣ ለምን፣ የማን ዘመድ ተብላ ሳትመረመር አትታለፍም። ስለዚህ ባና ገዢ ሆንኩ። ከበግ ጸጉር የሚሠራውን ያንን ከባድ ብርድ ልብስ ፈልጌ መጣሁ፣ እዚህ ቤት ጥሩ አለ ብለውኝ ነው አልኩ። ብልጠቴ ጉድ አፈላብኝ። ወሬው ከኔ ቀድሞ ደርሶ፣ አራት ጎረቤቶች ባናቸውን ተሸክመው ተከትለውኝ ገቡ። አንዲት አሮጊት የሳቸውን ባና ጠርዝ ይዘው እያገላበጡ፣ "ዳብሺው እንጂ! እጅ የለሽም? ይሄ እኮ የልጅ ልጅሽን ያለብሳል" ይሉኛል። አልገዛም ብል እጋለጣለሁ። የሳቸውን ገዛሁ። ሌሎቹ ተቀይመው ሄዱ፤ አሮጊቷም መርቀውኝ ወጡ። እኔ፣ ባልና ሚስት፣ ሦስታችን ቀረን።

እሱ ለምን እንደመጣሁ ገብቶታል። በሩን ገርበብ አድርጎ ቆመ። ሚስቱ ትፈትለው የነበረውን ጸጉር ጭኗ ላይ አኑራ ታየኛለች።

"ጸበል ገብተህ ነበር?" አልኩት።

"ለቅዱስ ሚካኤል ሄጃለሁ፤ ግን ኪኒኑን ይዤ ነው። ቄሱም ሁለቱም የእግዜር ነው ብለውኛል።"

"አረቄስ?"

"ኸረ እትዬ! ያውቁኝ የለም?"

ሁለቱም ንግግሮቼ ከሸፉ። "እንግዲያ ኪኒኑን ትውጣለህ?"

"እውጣለሁ።"

"ሲውጥ አየዋለሁ፤ በእግዜር ፊት" አለች ሚስቱ።

"በየቀኑ?"

ወደ ጓዳ ገባና ከጎተራው አፍ ላይ ክዳኑን አነሳ፤ ክንዱን እስከ ብብቱ ገብሱ ውስጥ አስገብቶ ሲፈልግ ቆየ። ከገብሱ ውስጥ በጨርቅ የተወተፈች ቅል ይዞ መጣ። ሰፌድ አወረደና ቅሏን ገለበጣት። ኪኒን ነው። ሰፌዱ ላይ ነጭ በነጭ ሆነ፤ ጥቂቱ ከገብስ ገለባ ጋር ተቀላቅሏል።

"ይኸው፤ አንዲት አልጣልኩም" አለኝ።

ያን ጊዜ ፊቱ ላይ ያየሁትን አልረሳውም። ምስጋና ነበር የሚጠብቀው። ባዶ ብልቃጥ እያመጣ የሚያስረክበንን ሰው ስናሞግስ ኖረናል፤ ብልቃጡ የተራገፈው ወደ ሆዱ ይሁን ወደ ቅል ግን አንድ ቀን አልጠየቅንም።

"ወሬውን ሰማን አይደል?" አለ። "መድኃኒቱ ከውጭ የሚመጣው ሊቀር ነው ተባለ፤ ገበያው ሁሉ ይህንኑ ያወራል። እንግዲህ እኛ በልግ የቀረ ለታ፣ ገብሱን ውርጭ የመታው ለታ ምን እናደርጋለን? እየቆጠብን በልተን ዘሩን እናስቀምጣለን። ዘሩን የጨረሰ ቤት ይፈርሳል። እኔም አንድ ቀን ስውጥ፣ አንድ ቀን ሳሳድር፣ ይኸው አጠራቀምኩ። ኋላ መድኃኒቱ ቢቀር፣ እኔም ብሞት፣ የሚወለደውን ማን ያሳድገዋል? ለሱ ብዬ እኮ ነው።"

ወሬው እውነት ነው፣ ተወርቷል። በዚያ በልግ ሰሞን ከቀየት እስከ ራቤል በየገበያው ሌላ ነገር የሚወራ አይመስልም ነበር። እኛ ጤና ጣቢያ ግን ኪኒን ያጣንበት አንድም ቀን የለም። ይህንን ለመጣው ሁሉ ነግረናል። ለሱ ግን አልነገርነውም፤ ያኔ ቀጠሮው ሩቅ ነበራ፤ በመስከረም ሲመጣ ደግሞ ወሬው እኛ ዘንድ ተረስቶ ነበር፤ እሱ የሚውለው ወሬው ካለበት እንጂ እኛ ካለንበት አይደለም።

ሆኖም ቁጣዬ አልቀረለትም። "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!" ብዬ ጮህኩበት። "ኪኒን ሆድ ውስጥ ሲገባ ነው ኪኒን! ገብስ ውስጥ ገብቶ ማንን ሊያድን? ደግሞስ ከብልቃጡ አውጥቶ በቅል!" ጎረቤት እንዳይሰማ ሚስቱ በምልክት ዝም አሰኘችኝ።

እሱ አልተቆጣም። አጎንብሶ አንዲት ወለል ላይ የወደቀች ኪኒን አነሳና ሰፌዱ ላይ መልሶ አስቀመጠ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ "እርስዎስ?" አለኝ። "እርስዎም ይችኑ እንደሚውጡ ነግረውኛል። ወሬውን ሲሰሙ እርስዎ ምን አደረጉ?"

ብዋሽ ማንም አያውቅብኝም ነበር። ለሲስተር እንኳ አልነገርኳትም። "ሁለት ዓርብ ዘልያለሁ" አልኩት። "እኔም ላስቀምጥ ብዬ። በሦስተኛው ዓርብ ራሴን አፈርኩትና ዋጥኩ።" ይህን ስናገር ፊቴ ጋለ። ያ ሁሉ ቁጣ ግማሹ የራሴ ዕዳ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ስድቤን ያሰናዳሁት ለሱ ነበር፤ ግማሹን እዚያው ቁጭ ብዬ እኔው ዋጥኩት።

ከዚያ በኋላ ንግግሩ ቀለለ። ሁለታችንም ሌቦች ሆነን ስንገናኝ ዳኛ ጠፋ። አሁን በዝግታ ነገርኩት። ዘር ብታስቀምጠው ይጠብቅሃል፣ ዓመት ቢሆንም ዘር ነው። ይህ በሽታ ግን አይጠብቅም። ያሳደርካት ቀን ሁሉ ገመዱ የላላበት ቀን ነው፤ ቫይረሱ በላላ ገመድ ይራባል፣ ከለመደም መድኃኒቱን ራሱን መናቅ ይጀምራል። ያን ጊዜ ያጠራቀምከው ሙሉ ቅል ቢሆን አይጠቅምህም። ወረቀቱንም አወጣሁና ውጤቱ ምን እንደሚል፣ ለሚስቱና ለጽንሱ ምን ማለት እንደሆነ ሳልሸፋፍን ነገርኳቸው።

ሰውየው ቁጭ አለ። ወንበር ላይ አይደለም፣ መሬት ላይ። ሚስቱ እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። ብትረግመው መብቷ ነበር፤ እኔም ልትጮህ ነው ብዬ ጠበቅሁ። "ለኔና ለልጄ ብለህ ነው ያስቀመጥከው?" አለችው። ራሱን ነቀነቀ። "እንግዲያ ለኔና ለልጄ ብለህ ዋጥልኝ።"

በማግስቱ ሁለቱም ወረዱ። ሲስተር ሚስቱን መረመረቻት። ውጤቱ እስኪታይ ያለችው ጥቂት ደቂቃ ኮሪደሩን ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ አላውቅም። ነፃ ናት! ተመስገን ነው። በዚያ ቀን እልልም አላልኩ፣ ግድግዳ ተደግፌ ቀረሁ። ሲስተር ለሚስቱ በሽታው እንዳይዛት የሚከላከል ኪኒን ጀመረችላት፤ የሱ ውጤት እስኪስተካከል ድረስ ያለ ኮንዶም እንዳይገናኙም ነገረቻቸው። የቅሏን ኪኒን ተቀብለን አስወገድን፤ እርጥበት የነካው፣ ከብልቃጡ የወጣ መድኃኒት አይታመንም። እሱም በየወሩ እንዲመጣ፣ ከሦስት ወር በኋላም ደሙ እንዲመረመር ተወሰነ።

ኪኒኑን የሚውጥበትን ሰዓት የመረጠችው ሚስቱ ናት። ሲስተር ማታ ሁለት ሰዓት ልትል ነበር፤ ሴትዮዋ ግን ሰዓት ቤታችን የለም፣ በጎቹ ግን ሳይገቡ የሚያድሩበት ቀን የለም አለች። እናም በጎቹ ገብተው በረቱ ሲዘጋ፣ ከበረቱ በር ላይ ሳይነቃነቅ በእጇ ታስውጠዋለች። በየወሩ ሲመጣ እጠይቀዋለሁ። "ከበረቱ በር ቀርታ አታውቅም፣ በጎቹ እንኳ ለምደውናል" ይለኛል። መቀለድም ጀምሮ ነበር። ሲስተር፣ "መድኃኒቱ መጥቷል ወይ?" ብሎ በጠየቀ ቁጥር መጋዘኑን ከፍታ በዓይኑ ታሳየዋለች። ከሺህ ምክር ያ ይሻላል። አሁን ለሁሉም እናሳያለን።

የካቲት ላይ ደሙ ተወሰደ። ናሙናው የሚላከው ወደ ሩቅ ከተማ ነው፤ የሚመረምረው ማሽን ተበላሽቷል ተባለና ውጤቱ ዘገየ። በዚህ መሀል ልጁ ተወለደ፤ ወንድ ነው፣ እኛው ጤና ጣቢያ። እናትየው ከምጧ በፊትም ተመርምራ ነፃ ነበረች፤ ስለዚህ ልጁም ነፃ ነው። እኛ እፎይ አልን። መዝገቡ ላይ ያለብን ሥጋት የአባትየው ውጤት ብቻ ሆነ፤ እሱ ከዘገየ ይዘግይ፣ ጥንቃቄውን አልተዉም ብለን ሌላ ሥራ ያዝን።

ውጤቱ ልጁ አርባ አምስት ቀን ሲሞላው መጣ። የአርባ አምስት ቀን ክትባቱን ሊያስከትቡ ሦስቱም መጥተው ነበር። ሲስተር ወረቀቱን ከፖስታው አወጣች፤ እኔ ከኋላዋ ቆሜ በትከሻዋ ላይ አነባለሁ። "አይታይም" ይላል። ሲስተር ጮክ ብላ አነበበችለት፤ አንድ ጊዜ አልበቃ ብሏት ደገመችው። እናትየው ሕፃኑን አቅፋ መስቀሏን ሳመች።

አባትየው ግን አልሳቀም። እንደ ድሮው ኮፍያውን አወለቀና፣ "እንግዲህ ልቀፈው?" አለ።

የሚቀልድ መሰለኝ። "ማንን?"

"ልጄን።"

ሚስቱ ዓይኗ እንባ ሞላ። "አንድ ቀን አልነካውም" አለች። "ከበር ቆሞ ያየዋል። ሲያለቅስ ወደ ደጅ ይወጣል። በክርስትናው ዕለትም የክርስትና አባቱ ስለታቀፈው ማንም ልብ አላለም። እኔ በበግ ሥራ ደክሞት ነው እላለሁ።"

"ውጤቱ እስኪመጣ ብዬ ነው" አለ። "አንዴ በኔ ስሕተት ሊሞቱ ነበር። ደግሞ በትንፋሼ ላስይዘው?"

ሲስተርም እኔም ተያየን። ስለ ገመዱ ነግረነዋል፣ ስለ ሰዓቱ፣ ስለ ኮንዶሙ፣ ስለ መጋዘኑ፣ ስለ ሁሉ ነገር ስንመክረው ኖረናል። ልጅህን ማቀፍ ትችላለህ፣ መሳም ትችላለህ፣ ቫይረሱ ከፍ ባለበት በዚያ በክፉው ወርም ቢሆን በመታቀፍና በመሳም አይተላለፍም ብሎ የነገረው ሰው ግን የለም። ማን አሰበው? አርባ አምስት ቀን! መልሱን የሰጠችው ሲስተር ናት፤ "ድሮም ትችል ነበር" አለችው።

እናትየው ሌላ ነገር ሳትጠብቅ ተነሥታ ሕፃኑን እጁ ላይ አኖረችው። አያያዙን አያውቅም፤ ክርኑን ከፍ፣ ዝቅ አደረገ። ከዚያ መጀመሪያ እግሩን ሳመው፣ ቀጥሎ ሆዱን፣ ቀጥሎ ግንባሩን። ጢሙ ወጋው መሰለኝ፣ ሕፃኑ ጮኾ አለቀሰ። አባትየው በዚህ ጊዜ ወደ ደጅ አልወጣም።